ከጋን የሚመጣው የበዓል ወረቀት



በዓል ሊደርስ አንድ ሳምንት ወይም ዐሥር ቀን ሲቀረው ልጆቻችን በቦርሳቸው ውስጥ አንድ ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። ወረቀቱ ከጋን ወይም ከአንደኛና ከሁለተኛ ክፍል የሚላክ ነው። በራሱ ላይ የበዓሉ ስም በትልልቅ ፊደል ተጽፎ፣ ዙሪያው በአበባ ወይም በሻማ ሥዕል ተከቦ፣ በመካከሉ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር በቤት ሊሠሩት የሚችሉት አንድ ቀላል የበዓል ምግብ አሠራር ይገኝበታል። (ጋን ስንል የሕፃናቱን ትምህርት ቤት እንጂ የጠላውን ጋን ማለታችን እንዳልሆነ አዲስ ለመጡ ወገኖቻችን እናስታውሳለን። እኛም በመጀመሪያው ሰሞን «ልጃችሁ ጋን ይገባል» ሲሉን ደንግጠን ነበር።)

ወላጆች ይህንን ወረቀት እንድንተረጉምላቸው ወደ ማኅበራችን ክፍል ስለሚያመጡልን፣ ባለፉት ዓመታት ከእያንዳንዱ አንዳንድ ቅጂ እያስቀረን አንድ ካርቶን ሞልተናል። መጽሐፍ ሲወጣ ወይም ቲያትር ሲታይ አስተያየት የሚሰጥበት ሰው አይጠፋም። ይህ ወረቀት ግን ከማንኛውም መጽሐፍ ይልቅ በየቤታችን እየገባ፣ ስለ እርሱ የሚናገር ሰው እስካሁን አላየንም። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ካርቶኑን ከፍተን ወረቀቱን እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ለመመርመር አስበናል።

በመጀመሪያ የሚመሰገነውን እናመስግን። ወረቀቱ አጭር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ሥራው በተራ በተራ በቁጥር ተቀምጧል። ከጎኑ ሥዕል ስላለው ገና ማንበብ ያልጀመረ ልጅ እንኳ ቀጥሎ የሚጨመረው እንቁላል ይሁን ዱቄት ለይቶ ሊያውቅ ይችላል። የሚያስፈልገው ዕቃም ውድ አይደለም። ከሁሉም በላይ ግን ወረቀቱ የምንወድለት አንድ አሳብ አለው፤ ይኸውም በዓል ከሱቅ ተገዝቶ የሚመጣ ነገር ሳይሆን በቤት ውስጥ በእጅ የሚዘጋጅ ነው የሚለው ነው። ለዚህስ ማንም ሊያስተምረን አያስፈልግም ነበር፤ ቢሆንም ልጆቻችን ከጋን ሲሰሙት ደስ ይለናል።

ከካርቶናችን ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚደጋገመው የ«ካዱሬ ሾኮላድ» ማለትም የቸኮሌት ድብልብል አሠራር ነው። ቢስኩት ተሰባብሮ ከካካዎ፣ ከስኳር፣ ከማርጋሪን ወይም ከቅቤና ከጥቂት ወተት ጋር ይታሻል፤ ከዚያም በመዳፍ እየተድቦለቦለ በተፈጨ ኮኮናት ላይ ይንከባለልና ማቀዝቀዣ ውስጥ ይገባል። እሳት የለበትም፤ ቢላዋ የለበትም፤ የአራት ዓመት ልጅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሊሠራው ይችላል። በዚህች አገር ያደገ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል በልጅነቱ አድቦልብሎታል።

ሆኖም ይህ ምግብ የየትኛውም በዓል አይደለም። ለሀኑካም ይመጣል፣ ለነፃነት ቀንም ይመጣል፣ ለልደትም ይመጣል። ልጁ ከእርሱ ስለ በዓሉ የሚማረው ነገር የለም። ደግሞም በእጁ ላይ ምንም ነገር ሲለወጥ አያይም፤ ቢስኩቱ አስቀድሞ በፋብሪካ ተጋግሯል፤ የልጁ ሥራ ሰባብሮ እንደገና ማጣበቅ ብቻ ነው። ሊጥ ሲነሣ፣ ነጩ ዱቄት ቡናማ ሆኖ ሲሸት፣ ልጅን አፉን አስከፍቶ የሚያስቀምጠው ያ ነው። እርግጥ እናት ከሥራ ደክማ በገባችበት ማታ እኛም ካዱሬ ሾኮላድን እንሠራለን፤ ይጣፍጣልም።

አሁን ወደ ወረቀቱ አጻጻፍ እንምጣ። ወረቀቱ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ የሚናገረው ለልጁ ነው። «ዱቄቱን ንፉ፤ እንቁላሉን ስበሩ፤ አማስሉ» ይላል። እናት የት ናት? እየፈለግን ወደ ታች ብንወርድ የምናገኛት እሳት ያለበት ቦታ ላይ ነው። እዚያ ሲደርስ «በትልቅ ሰው ርዳታ» የሚል ይጨምራል። በገጹ ሁሉ ውስጥ እናት ያላት ድርሻ ይህ ነው፤ የዘይትና የምድጃ ዘበኛ ናት። ስሟም እናት ወይም አያት አይደለም፤ «ትልቅ ሰው» ነው።

ዕብራይስጥ ለሚያነብ ቤተሰብ ይህ ምናልባት አይጎዳም፤ እናትየው ወረቀቱን ከልጇ ትከሻ በላይ አንብባ የጎደለውን ታሟላለች። በእኛ ቤት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ወረቀቱን የሚያነበው ልጁ ነው። እናት ቆማ ትጠብቃለች፤ ልጁ አንድ መስመር ያነብና በአማርኛ ይነግራታል፤ እርሷም ታመጣለታለች። ዕድሜዋን ሁሉ ስታቦካና ስትጋግር የኖረች ሴት በራሷ ወጥ ቤት ውስጥ የሰባት ዓመት ልጅ ረዳት ትሆናለች ማለት ነው።

ከአባሎቻችን አንዷ በሀኑካ የድንች ሌቪቮት ሲሠሩ የሆነውን አጫውታናለች። በዕብራይስጥ «ካፍ» ማለት የሾርባ ማንኪያ፣ «ካፒት» ማለት ደግሞ የሻይ ማንኪያ ነው፤ የጽሑፋቸውም መጀመሪያ አንድ ነው። ልጇ ካፒቱን ካፍ ብሎ አነበበና አንድ ሙሉ የሾርባ ማንኪያ ጨው ከድንቹ ጋር ገባ። እናትየው ጨው እንደበዛ ማንኪያው ገና በእጇ እንዳለ ዐውቃ ነበር፤ ነገር ግን «የሚያነበው እርሱ ነው» ብላ ዝም አለች። ያ ሁሉ ሌቪቮት ተጣለ። እኛን ያሳዘነን የድንቹ መጣል አይደለም፤ እጇ ያወቀውን አፏ አለመናገሩ ነው።

በዚህ አጋጣሚ ለአዲስ ገቢዎች አንድ ነገር እናሳስባለን። በሱቅ መደርደሪያ ላይ ከተራው ዱቄት አጠገብ «ኬማሕ ቶፌያሕ» የሚባል ዱቄት ይቀመጣል። ይህ አስቀድሞ የኬክ ማንሻ ዱቄት የተቀላቀለበት ነው። ከረጢቱ ከሌላው ጋር ስለሚመሳሰል ብዙዎቻችን እየተሳሳትን ገዝተን በእርሾ ለሚነሣ ዳቦ አቡክተንበታል። የበዓሉ ወረቀት ኬማሕ ቶፌያሕ ካለ ይህንኑ ግዙ፤ ለሌላው ቀን ግን ተራውን ዱቄት ያዙ።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ በወረቀቶቹ ውስጥ ያገኘነውን ምርጥ መስመር እንጥቀስ። በአንድ የሱፍጋኒያ አሠራር ላይ ከዱቄቱ፣ ከእርሾውና ከስኳሩ ልክ በኋላ፣ ሊጡ እጅ ላይ መጣበቁን እስኪተው ድረስ ይታሽ የሚል ተጽፏል። እዚህ ላይ ቁጥር የለም፤ ብርጭቆም ማንኪያም የለም። ጸሐፊው ልኩን ለእጅ ትቶታል። ምክንያቱም ዱቄት ሁሉ እኩል ውኃ አይጠጣም፤ በበጋና በክረምትም አንድ አይደለም፤ ይህንን ወረቀት ሊያውቀው አይችልም። ይህ መስመር የእናቶቻችን መስመር ነው። ሊጡ «በቃኝ» ሲል የሚሰማው ወረቀቱን ያነበበው ሳይሆን ጣቱን ሊጥ ውስጥ የከተተው ነው። ልጁም እዚህ ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ «እማዬ፣ ይበቃል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ወረቀቱ እንዲህ ያሉ መስመሮች ቢበዙለት ኖሮ ከእኛ ወቀሳ ባልገጠመው ነበር።

አሁን ደግሞ ወረቀቱ ስለ «ባህላዊ» ምግብ የሚለውን እንይ። ብዙዎቹ ወረቀቶች ከርእሱ ሥር «አያታችን እንደምትሠራው» የሚል ይጨምሩበታል። በሥዕሉ ላይ ያለችው አያት ጠጉሯ ወደ ላይ የተጠቀለለ፣ መነጽር ያደረገች፣ ሽርጥ የታጠቀች ናት። ሻሽ ያሠረች፣ ነጠላ ያጣፋች አያት እስካሁን በካርቶናችን ውስጥ አላገኘንም።

በእርግጥ የማን አያት ናት? በሴራ ወይም በድብቅ የገባች አይደለችም፤ ታሪኳ ግልጽ ነው። በማርማላታ የተሞላው ሱፍጋኒያ ከጀርመንና ከፖላንድ አይሁድ ጋር የመጣ ነው። በድንች የሚሠራው ሌቪቮትም የምሥራቅ አውሮፓ ምግብ ነው። በፑሪም የምንበላው ባለ ሦስት ማዕዘኑ «ኦዝኔ ሐማን» ማለትም የሐማ ጆሮ፣ በውስጡ ጥቁሩን የፖፒ ዘር ይዞ ከዚያው አካባቢ መጥቷል። ከፋሲካ ማግስት በሚሙና የሚበላውን ስስ ሙፍሌታ ያመጡት ደግሞ የሞሮኮ አይሁድ ናቸው። እያንዳንዱ ምግብ የአንድ ስደተኛ እናት ጓዝ ነበር። ወረቀቱ ይህንን አይነግረንም፤ ሱፍጋኒያ ከዚህ ምድር እንደ በለስ የበቀለ አስመስሎ ያቀርበዋል። «ይህንን ምግብ አንዲት አዲስ ገቢ ሴት ከሩቅ አገር ይዛው መጣች» የሚል አንድ መስመር ቢኖረው ልጆቻችን ወደ እናታቸው ዘወር ብለው «አንቺስ ምን ይዘሽ መጣሽ?» ብለው በጠየቁ ነበር።

በሌላ በኩል እኛም እውነቱን መናገር አለብን። ሀኑካ በአባቶቻችን ዘንድ አይከበርም ነበር። የአስቴርን ታሪክ ያውቁ ነበር፤ የአስቴርንም ጾም ይጾሙ ነበር፤ የፑሪምን ግብዣና ቅርጫት ግን ያየነው እዚህ ነው። በ1984 እና በ1985 በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ለመጣነው ለብዙዎቻችን ስለ ስምንቱ የሀኑካ ሻማዎች መጀመሪያ የነገረን ይኸው የልጆቻችን ወረቀት ነው። ዛሬ በጎንደርና በአዲስ አበባ ብዙ ዓመት ጠብቀው የሚመጡት ቤተሰቦች እዚያው ሳሉ ጸሎቱንም ዕብራይስጡንም ስለጀመሩ ከእኛ ይልቅ ተዘጋጅተው ይመጣሉ። ከእነርሱ አንዲት እናት የመጀመሪያዋን ሱፍጋኒያ አይታ «ይህማ ቦምቦሊኖ ነው!» አለችን። አዎን፣ ቦምቦሊኖ ነው፤ በውስጡ ማርማላታ አለበት እንጂ። ይህች እናት ምንም አልተሸማቀቀችም፤ ወረቀቱንም ሳትጠብቅ ጠበሰችው።

ስለ ሱፍጋኒያ ካነሣን ዘንድ፣ ለልጅ የሚሆነው ሥራ የቱ እንደሆነ ወረቀቱ በደንብ አልለየውም። የፈላ ዘይት ባለበት ትንሽ ልጅ ወንበር ላይ ቆሞ መመልከት የለበትም። ልጁ ያቡካ፤ ሊጡ በፎጣ ተሸፍኖ ሲነሣ እየገለጠ ይይ፤ በብርጭቆ አፍ ክብ ክብ አድርጎ ይቁረጥ። በሚጠበስበት ጊዜ ከወጥ ቤት ይውጣ። ሲበርድ ተመልሶ ማርማላታ ይሙላና ስኳር ይነስንስበት። እናት ብቻዋን የምትሠራው ያ የመካከሉ ሩብ ሰዓት ነው፤ ሌላው ሁሉ የልጅ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያነጋገረን ግን የስግድ ወረቀት ነው። ስግድ በ2008 በክነሴት ሕግ ወጥቶለት የአገር በዓል ከሆነ ወዲህ ስለ እርሱም ወረቀት ሲመጣ አይተናል። ስናየው ደስ አለን፤ አንዳንዶቻችንም ዕንባ መጣብን። ከዚያ አነበብነው። የዳቦ አሠራር ነው። ሦስት ማዕዘን ባንዲራ፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ፣ በመካከሉ ክብ ዳቦ ተሥሏል። «በስግድ ቀን ዳቦ እንበላለን» ይላል፤ ሌላ ምንም አይልም።

ስግድ የዳቦ በዓል ነውን? ስግድ ከዮም ኪፑር በኋላ በሃምሳኛው ቀን፣ በሔሽቫን ወር በ29ኛው ቀን የሚውል የጾምና የልመና ቀን ነው። በአገር ቤት በአምቦበርና በሌሎችም መንደሮች ሰው ልብሱን አጥቦ፣ ነጭ ለብሶ፣ ካህናቱ ኦሪትን ይዘው በፊት እየሄዱ ወደ ተራራ ይወጣ ነበር። ከኦሪት የሲና ቃል ኪዳን፣ ከነህምያና ከዕዝራም መጽሐፍ ይነበብ ነበር፤ ሕዝቡ ይሰግድ፣ ወደ ኢየሩሳሌም ለመመለስም ይለምን ነበር። ዛሬም በኢየሩሳሌም በአርሞን ሐናጺቭ መንገድ ላይ ሥርዓቱ ይኸው ነው። ዳቦው የሚቆረሰው ከሰዓት በኋላ ጸሎቱ አልቆ፣ ካህናቱ ከባረኩት በኋላ ነው። የዳቦው ጣዕም ያለው በዚያ መዘግየት ውስጥ ነው። በአንድ ጋን ግን ልጆቹ ጠዋት በአራት ሰዓት ዳቦውን በቸኮሌት ቀብተው ሲበሉ አይተናል። ሕፃናት ይጹሙ አላልንም። ግን «ትልልቆቹ እስከ ከሰዓት በኋላ ይጾማሉ፤ ዳቦው እነርሱን እየጠበቀ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ ቦታ አልጠፋም ነበር፤ ባንዲራውን ትንሽ ማሳነስ ይበቃል። በአሠራሩም ላይ ብዙ ማርጋሪንና ስኳር ስለገባበት የወጣው ኬክ እንጂ ዳቦ አልነበረም። ቢሆንም የእኛን ስም ይዞ የመጣ የመጀመሪያው ወረቀት ነውና እንደ ሌሎቹ ጨክነን አንወቅሰውም።

እስካሁን ሌላውን ስንወቅስ ቆየን። ከእኛ ወገን ያለውን ጥፋት ብንሸፍነው ግን ይህ ጽሑፍ ለአንድ ወገን ያደላ ይሆናል። በእኛ ቤት ልጅ ወደ ሊጥ ሲቀርብ የሚሰማው የመጀመሪያ ቃል «አትንካ!» ነው። ወንድ ልጅ ከሆነማ «የሴት ሥራ ምን አገባህ?» ይጨመርበታል። በአገር ቤት ይህ ብዙም አይጎዳም ነበር፤ ልጅ ባይጠራም ከምጣዱ አጠገብ ይውላል፤ ሴቷ ልጅ እህል ትለቅማለች፣ ዱቄት ትነፋለች፣ ውኃ ታቀብላለች፤ ሳይነገራት ዐይታ ታውቃለች። እዚህ ግን ልጁ ከጋን ተመልሶ ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣል፤ ወጥ ቤቱም በሩ ተዘግቷል። ዐይቶ የሚማርበት ጊዜ የለውም። በዐይን የምናስተላልፈውን በቃል ማስተላለፍ አልለመድንም፤ ልጁም ማየት አልቻለም። ስለዚህ ምንም ሳይተላለፍ ይቀራል።

ከምግቡ ጋር አብሮ የሚቀረው ደግሞ ቋንቋው ነው። ልጆቻችን በአማርኛ «ና፣ ሂድ፣ ብላ፣ ተኛ» የሚለውን ይሰማሉ። ወንፊት፣ ሰፌድ፣ አብሲት፣ እርሾ፣ መዳመጥ፣ ማድቦልቦል፣ መቁላት የሚሉትን ቃላት ግን ከሊጥ አጠገብ ካልሆነ የሚሰሙበት ቦታ የለም። በጋንና በቴሌቪዥን ልጁ ከእናቱ የበለጠ ቃል ያውቃል። ሊጥ በሚቦካበት ሰዓት ግን ቃሉ ያለው በእርሷ ዘንድ ነው፤ ልጁም ይፈልገዋል። እንዲህ ያለ ሰዓት በሳምንት ውስጥ ስንት አለን?

ስለዚህ እኛ ለፑሪም የምንመርጠው የልጆች ሥራ ዳቦ ቆሎ ነው። ከሁሉም የበዓል ወረቀቶች ጋር አስተያይተነዋል፤ ለልጅ እጅ ይህን የሚያህል አላገኘንም። ሁለት ብርጭቆ ተራ ዱቄት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ለልጆች የማያቃጥል ያህል ጥቂት በርበሬ፣ አራት የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ግማሽ ብርጭቆ የሚሆን ውኃ ይበቃል። ጠንከር ተደርጎ ይቦካል። ልጁ እየቆነጠረ በጠረጴዛው ላይ እንደ ገመድ ያንከባልለዋል፤ ውፍረቱ ከትንሿ ጣቱ አይብለጥ። ከዚያም በማይስል ቢላዋ ሽምብራ ሽምብራ እያሳከለ ይቆርጠዋል። በደረቅ መጥበሻ ላይ እየተማሰለ ይቆላል፤ ወይም በ180 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል፣ በመካከሉ አንድ ጊዜ እየተገላበጠ ይጋገራል። በቅቤ ፈንታ ዘይት የምንለው ፓርቬ ሆኖ ከሥጋም ከወተትም ማዕድ ጋር እንዲሄድ ነው። ፑሪም ፋሲካ ሊደርስ አንድ ወር ሲቀረው ስለሚውልም በቤት የቀረውን ዱቄት ለመጨረስ ይረዳል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ዳቦ ቆሎ ጠጣርና ትንሽ ስለሆነ ለሕፃን ሊያንቅ ይችላል። በዚህ አገር ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ለውዝንና የመሳሰለውን ጠጣር ፍሬ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች እንዳንሰጥ ያስጠነቅቃል፤ ዳቦ ቆሎንም ከዚያው ጋር መቁጠር ይሻላል። ለትንንሾቹ ከዚያው ሊጥ ላይ ቆርሳችሁ ዘይትና ውኃ ጨመር አድርጉና ለስላሳ ትንሽ ቂጣ ጋግሩላቸው። ተቆራርጦ ሲመጣላቸው የወንድማቸውን ሥራ እንደተካፈሉ ይቆጥሩታል።

እንግዲህ ዳቦ ቆሎውን ሠራን እንበል። ወዴት ይሄዳል? በፑሪም «ሚሽሎዋሕ ማኖት» የሚባል ሥርዓት አለ፤ ሰው ለባልንጀራው ቢያንስ ሁለት ዓይነት ምግብ ይልካል። በጋንም ልጆች ቅርጫት ይለዋወጣሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከመካከላችን አንዲት እናት ዳቦ ቆሎ በትንንሽ ከረጢት ቋጥራ፣ በጥብጣብ አስራ ከልጇ ጋር ላከች። ማታ ልጁ ቅርጫቱን እንዳለ መልሶ አመጣው። ከፋብሪካ ታሽጎ የካሽሩት ምልክት ያለበት ብቻ እንዲላክ የሚል ማሳሰቢያም ተያይዞበት ነበር።

ደንቡ ለሁሉም ወላጅ የወጣ እንጂ ለእኛ ተለይቶ የወጣ እንዳልሆነ ኋላ ተረድተናል። በየጋኑ ለሰሊጥ፣ ለለውዝ፣ ለእንቁላል ሰውነታቸው የማይስማማ ልጆች አሉ፤ የካሽሩት አጠባበቅም ከቤት ቤት ይለያያል፤ ጋኔኔቷም (መምህርቷም) በኃላፊነት ትጠየቃለች። ይህ ሁሉ ልክ ነው። ነገር ግን ከሌላ እምነት ሰው ቤት እህል ሳይቀምሱ የኖሩ፣ ለምግባቸውና ለንጽሕናቸው ሲሉ ከመንደር ርቀው የጎጆ ቤት የሠሩ እናቶች ልጅ ለሆነች ሴት፣ «ምልክት የለበትም» ተብሎ የተመለሰ ቅርጫት ምን እንደሚላት ማንም አላሰበም። ወረቀቱንስ እናስታውስ። ያው ጋን ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት «በቤታችሁ ከልጆቻችሁ ጋር ሥሩ» ብሎ የላከው እርሱ ራሱ ነው። በአንድ ወረቀት ሥሩ፣ በሌላው ወረቀት የሠራችሁትን አታምጡ ይላል። በዚህ ጽሑፍ ከሰነዘርናቸው ወቀሳዎች ሁሉ የምንጸናበት ይህ ነው፤ ለሥራው ቦታ ካልተዘጋጀለት ወረቀቱ ለእናቶች የወረቀት ግብዣ ብቻ ነው።

እናትየው በዚያ ዓመት ዝም አለች። በሚቀጥለው ዓመት ግን ከማኅበራችን አንዲት አስተርጓሚ ይዛ ፑሪም ከመድረሱ በፊት ወደ ጋኔኔቷ ሄደች። «የጋኑን ዱቄት፣ የጋኑን ዘይት፣ የጋኑን ምድጃ ስጡኝ፤ እጄን ብቻ ይዤ እመጣለሁ» አለች። ጋኔኔቷ ትንሽ አሰበችና እሺ አለች። ጋን በጠጠር ይደገፋል ይባል የለ? ቀኑ ደርሶ እናትየው ነጠላዋን ከወገቧ ላይ አሸንፍጣ በዝቅተኛው የልጆች ጠረጴዛ ዙሪያ ተንበረከከች። የሩሲያውም፣ የየመኑም፣ የእኛም ልጅ የሊጥ ገመዱን ለማርዘም ይሽቀዳደም ጀመር። ዕብራይስጥ ሲያጥራት በእጇ ታሳያለች። ልጇ ደግሞ ከጎኗ ቆሞ ሊጥ ምን እንደሚባል፣ ማድቦልቦል ምን እንደሆነ ለጓደኞቹ ያስተረጉም ነበር። በዚያን ቀን የተረጎመው ከዕብራይስጥ ወደ አማርኛ ሳይሆን ከአማርኛ ወደ ዕብራይስጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጋኔኔቷ ለሌሎቹ ወላጆች የምትልከው ወረቀት እንድናዘጋጅላት ጠየቀችን። በሁለቱም ቋንቋ ጻፍነው፤ በዚህ እትማችን በዕብራይስጡ ገጽም አትመነዋል። የመጀመሪያው መስመር «እናታችሁን ወይም አያታችሁን ጥሩ» ይላል። ስለ ውኃው «እስኪበቃው ድረስ» ብለን ጻፍን። ጋኔኔቷ አንብባ በጣም ወደደችውና «ስንት ብርጭቆ ነው?» ብላ መለሰችልን። በማኅበሩ ክፍል ተሰብስበን ለመወሰን ሞከርን። ከጎንደር ከተማ የመጡት ግማሽ ብርጭቆ አሉ፤ ከወገራ የመጡት እማማ ደግሞ እንዲያ ከሆነ ሊጡ ይላላል፤ ከግማሽ በታች ነው አሉ። ሌላዋ እናት ዘይቱ ቢበዛ ውኃው ይቀንሳል አለች። በበርበሬው ላይማ ጨርሶ አልተስማማንም። ከላይ ግማሽ ብርጭቆ ብለን የጻፍነው በድምፅ ብልጫ ነው፤ እማማ ግን እስካሁን አልተቀበሉትም።